የሌሊት ወፍና የማርበርግ ቫይረስ

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሠቱ ከተረጋገጠ ወዲህ፣ የሌሊት ወፎችን ከየዋሻውና ከየጣሪያው ሥር በጭስና በመርዝ ማጥፋት መፍትሔ የሚመስለው ይኖራል። እኛ ይህን አንመክርም።

ቫይረሱ የሚኖረው በተለይ ዋሻ ውስጥ በምታድረው፣ ፍራፍሬ በል በሆነችው የግብፅ የሌሊት ወፍ ነው። እርሷን ሳያሳምም በምራቋ፣ በሽንቷና በኩሷ ይወጣል፤ ወደ ሰው የሚሻገረውም በአብዛኛው ሰው ማደሪያዋ ውስጥ ሲቆይ ነው። በጣሪያችን ሥር የምናያቸው ትንንሾቹ አብዛኞቹ ሌላ ዓይነት፣ ነፍሳት በል ናቸው።

በዩጋንዳ በኪታካ የማዕድን ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ቆፋሪዎች በዚህ በሽታ ተያዙ፤ ከዚያም የሌሊት ወፎቹ በጅምላ ተገደሉ። በ2012 ጥቂቶች ተመልሰው ሰፍረው ተገኙ፤ ነገር ግን ቫይረሱን የተሸከሙት ቀድሞ ከመቶ 5 ገደማ የነበሩት ወደ 13 ከፍ ብለው ነበር። ቫይረሱ ነክቷቸው የማያውቅ ወጣቶች ባዶውን ስፍራ ስለወረሱት ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ዓመት በአቅራቢያው በኢባንዳ በሽታው በሰው ላይ ተነሣ።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ልጆችና እረኞች የሌሊት ወፍ ወደበዛበት ዋሻ እንዳይገቡ ያሳስቡ። ኩስ የሚጠርግ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ጓንት አጥልቆ፣ አስቀድሞ ውኃ ያርከፍክፍ። ከሰው ወደ ሰው በደምና በሰውነት ፈሳሽ ስለሚተላለፍ ደግሞ፣ በዚህ በሽታ የተጠረጠረ ምእመን ቢያርፍ አስከሬኑ ከመታጠቡና ከመገነዙ በፊት ካህናቱ ለጤና ባለሙያ ያሳውቁ።