የገና ጨዋታ ፕሮግራም እንዴት ይወጣል?

ዛሬ የማስተምራችሁ ስለ ገና ጨዋታ ነው። ስለ አመታቱ ሳይሆን ስለ ፕሮግራሙ ነው፤ ልጅ ሳይጫወት የሚቀረው እኮ ብዙ ጊዜ በፕሮግራም ነው።

ገና የሚባለው ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ነው። ኳሱ ጥንግ ወይም ሩር ይባላል። ድሮ ፕሮግራም አያስፈልግም ነበር። አያቴ እንደነገሩኝ አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ባዶ ሲሆን የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይገጥማሉ፤ የተጫዋች ቁጥር እንኳ አይወሰንም። ታኅሣሥ 29 የልደት ዕለት በጣም ይደምቃል። እኛ ቂርቆሶች ግን ያለን አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ነው፤ አዝመራም የለን!

አየርላንድ ውስጥ የገና ዘመድ የሚመስል ኸርሊንግ የሚባል ጨዋታ አለ። ኳሷን በዱላ ይመታሉ፣ በእጅም ይቀልባሉ። አንድ ቡድን 15 ተጫዋች አለው፤ ሄልሜት ማድረግም ግዴታ ነው። እኔን የገረመኝ ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ከ18 ዓመት በታች የነበረውን የክፍለ ሀገራት ውድድር ከ17 ዓመት በታች ማድረጋቸው ነው። አንዱ ምክንያት ጨዋታው ከመልቀቂያ ፈተና ጋር እንዳይጋጭ ነው።

አሁን ደብተር አውጡ። 4ኛ ክፍል ከሀ እስከ ረ 6 ሴክሽን አለው እንበል። በጥሎ ማለፍ 5 ጨዋታ ይበቃል፤ ቶሎ ያልቃል። ግን የተሸነፈ ሴክሽን አንዴ ተጫውቶ በቃ፣ ዓመቱን ሙሉ ተመልካች ነው። እኔ ይሄን አልወደውም። ሁሉም ከሁሉም ይግጠም ካልን 6 በ5 እናባዛና ለ2 እናካፍላለን፤ 15 ጨዋታ። ለ2 ያካፈልነው ሀ ከለ እና ለ ከሀ አንድ ጨዋታ ስለሆነ ነው።

አደራደሩ እንዲህ ነው። ከላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ጻፉ፤ ከሥራቸው ረ፣ ሠ፣ መ። ላይና ታች ያሉት ይገጥማሉ፦ ሀ ከረ፣ ለ ከሠ፣ ሐ ከመ። በሚቀጥለው ሳምንት ሀ ቦታው ላይ ይቆይና ሌሎቹ እንደ ሰዓት አዟዟር አንድ አንድ ቦታ ይዙሩ። ሀ ከሠ፣ ረ ከመ፣ ለ ከሐ ይሆናል። 4 ጊዜ ስታዞሩ ያልቃል። ሴክሽኑ 5 ቢሆን በ6ኛው ቦታ «ዕረፍት» ብላችሁ ጻፉ።

በሳምንት 3 ጨዋታ ከሆነ 5 ሳምንት ነው። ኅዳር 20 አካባቢ ብንጀምር ከገና በፊት እንጨርሳለን፤ ከሴሚስተር ፈተናም ጋር አንጋጭም።

ሰዓቱስ? ከትምህርት በኋላ የሚሉ አሉ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ግን ብዙ ቤተሰብ ገላን ጉራ ገባ። ከዚያ የሚመላለስ ልጅ ደወል እንደተደወለ ታክሲ ካልያዘ ይመሽበታል። ቡድኑም ተጫዋች አጥቶ በፎርፌ ይሸነፋል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ይሁን፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ አንድ አንድ ጨዋታ።

የ4ኛ ክፍል ካፒቴኖች፣ ስማችሁን እስከ ዓርብ ለክለባችን አስገቡ። ዱላ ያለው ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ያምጣ።