ካርታ የሚበውዝ ፕሮግራም በምን ይመረመራል?

ዘንድሮ በኮምፒውተር ክበባችን የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ለፕሮጀክት የመረጥነው የካርታ ጨዋታ ሲሙሌተር ነው። ሲሙሌተር ማለት አንድን ነገር በኮምፒውተር ውስጥ እያስመሰለ ደጋግሞ የሚያካሂድ ፕሮግራም ነው። ሰው በአንድ ምሽት ሃያ ዙር ካርታ ቢጫወት ብዙ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን መቶ ሺህ ዙር ተጫውቶ ውጤቱን ቆጥሮ ይሰጠናል። ካርታ ሲባል ወዲያው ቁማር የሚታያቸው ወላጆች ስላሉ አስቀድመን እንናገር፤ በፕሮጀክቱ ውስጥ ገንዘብ የለም፣ ያለው ሂሳብ ነው። እንዲያውም ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው በኢንተርኔት ካርታ የመቆመር ፍላጎቱ ይቀንሳል ብለን እናስባለን።

ሐሳቡ ከእኛ የጀመረ አይደለም። በ1946 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስታኒስላቭ ኡላም የተባለ የሂሳብ ሊቅ ከሕመም ሲያገግም ብቻውን ካርታ እየደረደረ ይጫወት ነበር። ጨዋታው የመሳካት ዕድሉ ስንት እንደሆነ በቀመር ሊያሰላ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ «መቶ ጊዜ ደርድሬ የተሳካውን ብቆጥርስ?» የሚል ሐሳብ መጣለት። ለጓደኛው ለጆን ፎን ኖይማን ነገረውና ነገሩ በጊዜው ገና አዲስ በነበሩት ኮምፒውተሮች ላይ ለፊዚክስ ስሌት ዋለ። ዛሬ ሞንቴ ካርሎ የሚባለው የስሌት ዘዴ መነሻው ይኸው ነው።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ኮምፒውተር ካርታ ላይ ያለውን ሥዕል አያውቅም፤ ስለዚህ 52ቱን ካርታዎች ከ0 እስከ 51 በቁጥር ሰየምናቸው። ቁጥሩን ለ13 ስናካፍለው የሚደርሰው የካርታውን ዓይነት፣ የሚተርፈው ደግሞ ደረጃውን ይነግረናል። ለምሳሌ 40 ለ13 ሲካፈል 3 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ከዜሮ ስለምንቆጥር የአራተኛው ዓይነት ሁለተኛ ካርታ ነው ማለት ነው። ይህ ክፍል ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ አልፈጀም። ብዙ ሳምንት የወሰደው መበወዙ ነው።

መበወዝ ቀላል ይመስላል፤ ካርታውን ማደበላለቅ ነው። ግን «ተደበላልቋል» እና «በትክክል ተበውዟል» አንድ አይደሉም። ትክክለኛ ብወዛ የሚባለው ሊኖሩ የሚችሉት ቅደም ተከተሎች ሁሉ እኩል ዕድል ሲኖራቸው ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ የተባሉ ሦስት ካርታዎች ቢኖሩን በስድስት መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ሀለሐ፣ ሀሐለ፣ ለሀሐ፣ ለሐሀ፣ ሐሀለ፣ ሐለሀ። የ52 ካርታ ድርድር ብዛት በ8 የሚጀምር ባለ 68 አኃዝ ቁጥር ስለሆነ አንድ በአንድ መቁጠር አይታሰብም። ስለዚህ ምርመራችንን በሦስት ካርታ አደረግነው።

ያነጻጸርናቸው ዘዴዎች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው ዘዴ ፕሮግራሙ ከአንደኛው ቦታ ጀምሮ በየተራ እያንዳንዱን ካርታ ከሁሉም ቦታዎች መካከል በዘፈቀደ በተመረጠ ቦታ ካለው ካርታ ጋር ያቀያይራል። ሁለተኛው ዘዴ ከመጨረሻው ቦታ ይነሳል። ለመጨረሻው ቦታ ከሁሉም ካርታዎች አንዱን በዘፈቀደ ይመርጥና ያ ቦታ ይዘጋል፤ ለቀጣዩ ቦታ ከቀሩት ካርታዎች ብቻ ይመርጣል፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሁለቱን በፓይዘን ስንጽፋቸው ርዝመታቸው አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነታቸው የዘፈቀደው ቁጥር ከየት እስከ የት ይመረጥ የሚለው ብቻ ነው። ማንም ሰው ስክሪኑ ላይ የተበወዘውን ካርታ አይቶ በየትኛው ዘዴ እንደተበወዘ ሊናገር አይችልም።

አሁን በወረቀት እንቁጠር። በመጀመሪያው ዘዴ ሦስት ጊዜ እንመርጣለን፤ በየጊዜው ሦስት ምርጫ አለ። 3×3×3 ሲባዛ 27 መንገድ ይሆናል። ሃያ ሰባቱ መንገዶች ለስድስት ድርድሮች እኩል መከፋፈል ነበረባቸው፤ ነገር ግን 27 ለ6 ያለ ቀሪ አይካፈልም። አንዳንዶቹ የግድ ከሌሎቹ የበለጠ ይደርሳቸዋል። መንገዶቹን አንድ በአንድ ስንጽፋቸው ሀሐለ፣ ለሀሐ እና ለሐሀ አምስት አምስት ጊዜ፣ ሀለሐ፣ ሐሀለ እና ሐለሀ ግን አራት አራት ጊዜ ብቻ ይመጣሉ። በሁለተኛው ዘዴ ግን ምርጫዎቹ 3×2×1 ናቸው፤ ስድስት መንገድ ለስድስት ድርድር፣ ለእያንዳንዱ አንድ።

ፕሮግራሙን 27,000 ጊዜ አስበወዝነው። በመጀመሪያው ዘዴ ሦስቱ ድርድሮች ወደ 5,000፣ ሦስቱ ወደ 4,000 ተጠጉ። በሁለተኛው ዘዴ ስድስቱም በ4,500 አካባቢ ዋሉ። ልክ 4,500 ያልሆኑት ፕሮግራሙ ስለተሳሳተ አይደለም፤ በዘፈቀደ የሚመጣ ነገር ሁሉ ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል። በዚህ ብዛት ላይ የተለመደው መዋዠቅ 61 ገደማ መሆኑን በስታቲስቲክስ ትምህርት በተማርነው ቀመር አስልተናል። የ500 ልዩነት የዚያ ስምንት እጥፍ ስለሆነ በአጋጣሚ ሊመካኝ አይችልም።

በ52 ካርታም ነገሩ ያው ነው። 52ን በራሱ 52 ጊዜ ብናባዛው የሚገኘው ቁጥር በ2 እና በ13 እንጂ በ3 አይካፈልም። የድርድሮቹ ብዛት ግን በውስጡ 3 አለበት። ስለዚህ እኩል ማከፋፈል አይቻልም። ከፕሮጀክቱ ሁሉ በጣም የወደድነው ይህን አጭር ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የፊሸርና የዬትስ ብወዛ ይባላል። ሮናልድ ፊሸርና ፍራንክ ዬትስ በ1938 ባሳተሙት የስታቲስቲክስ ሰንጠረዥ መጽሐፍ ለእርሳስና ለወረቀት ነበር ያዘጋጁት፤ ያሰቡትም ለካርታ ሳይሆን ለግብርናና ለሕክምና ሙከራ ነው። ለኮምፒውተር የሚመቸውን መልክ በ1964 ያወጣው ሪቻርድ ደርስተንፌልድ ነው።

ከዚያ በኋላ ጨዋታ ጨመርን። ሁለት ተጫዋቾች አንድ አንድ ሙሉ ካርታ ይዘው እኩል እያወጡ ይጥላሉ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ካርታ ከጣሉ «ግጥምጥም» ይባላል። 52ቱ እስኪያልቁ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመግጠም ዕድሉ ስንት ነው? በክፍል ውስጥ ስንጠይቅ ብዙዎች በጣም ትንሽ ነው አሉ። ትክክለኛው መልስ 63.2 ከመቶ ነው። ይህን ዓይነት ጥያቄ ፈረንሳዊው ፒየር ደ ሞንሞር በ1708 ባሳተመው መጽሐፍ አንስቶታል። የሚገርመው የካርታው ብዛት ለውጥ አለማምጣቱ ነው፤ በ3 ካርታ 66.7፣ በ4 ካርታ 62.5፣ በ5 ካርታ 63.3 ከመቶ ነው።

የእኛም ሲሙሌተር 63 ከመቶ አካባቢ ሰጠን። እዚህ ላይ ደስ ብሎን መተው እንችል ነበር። ነገር ግን የአንደኛውን ተጫዋች ካርታ በትክክለኛው ዘዴ በውዘን የሁለተኛውን ጨርሶ ሳንበውዘው፣ ከፓኮው እንደወጣ ብናጫውተውስ? ውጤቱ ያው 63.2 ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ከሌላው አንጻር ከተደበላለቀ በቂ ነው። በመጥፎው ዘዴ የተበወዘም ሌላኛው ጥሩ እስከሆነ ድረስ አይታወቅበትም። ማለት ጨዋታው ትክክለኛ መልስ መስጠቱ ብወዛው ትክክል ለመሆኑ ምስክር አይሆንም። ብወዛውን ለብቻው፣ በትንሽ ካርታ፣ እየቆጠሩ መመርመር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ብወዛው ራሱ ጥሩ ቢሆንም አንድ ነገር ይቀራል። ኮምፒውተር የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠው ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ እያሰላ ነው። መነሻው አንድ ከሆነ ብወዛውም አንድ ነው። ይህ ለእኛ ይጠቅመናል፤ አንድን ዙር ደግመን ማየት ስንፈልግ ያንኑ መነሻ እንሰጠዋለን። በገንዘብ ለሚጫወት ሰው ግን አደጋ ነው። በ1999 የሶፍትዌር ደኅንነት ባለሙያዎች አንድ የኢንተርኔት ፖከር ፕሮግራምን መረመሩ። አዘጋጆቹ ጨዋታው ትክክል መሆኑን ለማሳየት የብወዛውን ኮድ ራሳቸው ይፋ አድርገውት ነበር። ብወዛው የመጀመሪያው ዘዴ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ መነሻ ቁጥሩም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፈው ጊዜ በሺኛ ሰከንድ ተቆጥሮ ነበር። አንድ ቀን 86,400,000 ሺኛ ሰከንድ ብቻ አለው። ያ ባለ 68 አኃዝ ቁጥር ወደዚህ ወረደ ማለት ነው! ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ሁለት ካርታና ጠረጴዛ ላይ የተገለጡትን ሦስት አይተው፣ የቀሩትን ካርታዎች ሁሉ፣ በተቃዋሚ እጅ ያሉትን ጭምር፣ ማወቅ ቻሉ።

ኮዱ በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ሌላ ጨዋታ ሊጨምሩበት ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን ይህን በወረቀት ይሥሩት። በሁለት ካርታ የመጀመሪያው ዘዴ ስንት መንገድ አለው? እኩል ይከፋፈላል ወይስ አይከፋፈልም? በአራት ካርታስ 256ቱ መንገዶች ለ24ቱ ድርድሮች እንዴት ይደርሳሉ?