ከመፈረምሽ በፊት ስሚኝ፣ እህቴ

የልጅሽን የኮሌጅ ክፍያ ከአሁኑ ከፍለሽ ልታስቀምጪ ማሰብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ሲያትል ውስጥ የቤት ኪራይ እየከፈልሽ፣ ድርብ ሽፍት እየሠራሽ፣ አገር ቤትም እየላክሽ፣ ገና ጥርስ ላላወጣች ልጅ ኮሌጅ ማሰብ የቁም ነገር ሰው ሥራ ነው። ግን እስክሪብቶውን ለጊዜው አስቀምጪውና አድምጪኝ፣ የኔ እናት። ነገሩ ጥሩ ነው፤ የሚጠቅምሽ ግን በልኩ ስትገዢው ነው።

መጀመሪያ የምትገዢውን ዕወቂ። የዋሽንግተን ስቴት ፕሮግራም ጌት ይባላል፤ ከ1998 ጀምሮ አለ። ዶላር ሰጥተሽ ዩኒት ትገዢያለሽ። 100 ዩኒት ማለት በስቴቱ ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውዱ ከነዋሪ የሚያስከፍለው የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ነው። ልጅሽ 18 ዓመት ሲሞላት ክፍያው የትም ይድረስ የት፣ 100 ዩኒትሽ የዚያን ዓመት ክፍያ ያህል ያወጣል። ጭማሪውን የሚሸከመው ስቴቱ ነው፤ ዋስትናውም በሕግ የተደነገገ ነው። ልጅሽ ሌላ ስቴት ሄዳ ብትማርም ዩኒቶቹ ያንኑ ዋጋ ይዘው ይከተሏታል። አካውንቱ ሲከፈት ግን የዋሽንግተን ነዋሪነት ይጠየቃል።

ሁለተኛ፣ «የኮሌጇ ነገር አለቀ» ብለሽ ለሰው እንዳታወሪ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ለነዋሪ የሚያስከፍለው በዓመት ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉና ትራንስፖርቱ ሲጨመርበት ግን ግቢ ውስጥ የምትኖር ተማሪ በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ያስፈልጋታል። የጌት ዩኒቶችን ለማደሪያና ለምግብም ማዋል ይቻላል፤ ዋጋቸው የሚለካው ግን በትምህርት ክፍያው ነው። ስለዚህ 100 ዩኒት ከቤትሽ እየተመላለሰች ለምትማር ልጅ ዋናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ግቢ ለምትገባ ልጅ ግን ከግማሽ በታች ነው። የቀረውን ከየት እንደምታመጪው ዛሬውኑ አስቢበት።

ሦስተኛ፣ 400 ዩኒት ካልገዛሁ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። ልጅሽ ከተወለደች ጀምሮ በወር አንድ ዩኒት ብቻ ብትገዢላት፣ በ17 ዓመት 204 ዩኒት ይሆናል፤ የሁለት ዓመት ክፍያ ማለት ነው። የቀሩትን ሁለት ዓመታት ይህ ስቴት በሌላ መንገድ ሊያግዝሽ ይችላል። ራኒንግ ስታርት የሚባለው ፕሮግራም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የኮሌጅ ኮርስ ያለ ትምህርት ክፍያ እንዲወስዱ ያደርጋል፤ መጽሐፍና አንዳንድ ትናንሽ ክፍያዎች ብቻ ይቀራሉ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሸጋገርም እዚህ የተለመደ ነው፤ ክፍያውም ከዩኒቨርሲቲው በብዙ ያንሳል። የቤተሰብሽ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ኮሌጅ ባውንድ የሚባለውን ስኮላርሽፕ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ስትደርስ ትምህርት ቤቷን ጠይቂ። ስለዚህ የኔ ምክር 200 ዩኒት ላይ አልሚ ነው። ከዚያ በላይ የምትቆጥቢውን 529 በሚባለው፣ በተለመደው የትምህርት መቆጠቢያ የኢንቨስትመንት አካውንት አድርጊው።

አራተኛ፣ ሁለት ዋጋዎችን ሳታስተያዪ አትፈርሚ። አንዱ ዩኒት ዛሬ የሚሸጥበት ዋጋ ነው፤ ሌላው ዛሬ ተማሪ ብትሆን የሚከፈልላት ዋጋ ነው። ልዩነቱ ለዋስትናው የምትከፍይው ነው። በ2014 አንድ ዩኒት 172 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ የሚከፍለው ግን 118 ዶላር ገደማ ነበር። በ2015 የስቴቱ ምክር ቤት የትምህርት ክፍያውን ቀነሰ፤ የዩኒት ሽያጭም ቆመ። በ2017 እንደገና ሲከፈት ዋጋው 113 ዶላር ሆነ። ክፍያ ሁልጊዜ ይጨምራል ብለው በውድ የገዙ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው አንቺው ገምቺ። ልዩነቱ ትንሽ፣ የቀረው ዓመት ብዙ ከሆነ ግዢ። ልዩነቱ ሰፊ፣ ልጅሽ ደግሞ አሥረኛ ክፍል ከሆነች ይቅርብሽ። የገዛሽው ዩኒት ሁለት ዓመት ሳይሞላው መጠቀም እንደማይቻልም አትርሺ።

አምስተኛ፣ ለልጅሽ ብለሽ ራስሽን ባዶ አታድርጊ። ክሬዲት ካርድሽ ከ20 ፐርሰንት በላይ ወለድ እየቆጠረብሽ ዩኒት መግዛት ገንዘብ ማፍሰስ ነው፤ ዕዳሽን ቅደሚ። አሠሪሽ ለጡረታሽ የሚጨምርልሽ ገንዘብ ካለ እሱን ሳትወስጂ አንድ ዶላር ወደ ሌላ ቦታ አታዙሪ። ሥራ ቢቆም ጥቂት ወራት የሚያኖርሽም እጅሽ ላይ ይኑር። ልጅሽ ነገ ስኮላርሽፕም የተማሪ ብድርም ልታገኝ ትችላለች፤ አንቺ ስትጦሪ ግን የምታዪው የእሷን እጅ ነው። እቁብ ከገባሽ ደግሞ ሲደርስሽ የተወሰነውን ለይተሽ በአንድ ጊዜ ዩኒት ግዢበት፤ ሶፋው ሌላ ዓመት ይቆይልሻል።

ስድስተኛ፣ አካውንቱ በስምሽ ይሁን። ያለሽው ሁሉ ለልጅሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ባለቤቱ አንቺ ሁኚ፤ ልጅሽ ተጠቃሚ ትባል። በወላጅ ስም ያለ የ529 ገንዘብ፣ ጌትንም ጨምሮ፣ ለፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ሲሰላ እንደ ወላጅ ንብረት ይታያል፤ የሚቆጠርባችሁም ቢበዛ 5.64 ፐርሰንት ነው። አንድ ነገር ቢያጋጥምሽ አካውንቱን የሚረከበውን ሰው ስምም በወረቀቱ ላይ አስፍሪ። ይህችን መስመር ብዙ ሰው ባዶ ይተዋታል፤ አንቺ ግን ሙያት።

ሰባተኛ፣ «ኮሌጅ ባትገባስ?» ብለሽ አትፍሪ። ዩኒቱን ለወንድሟ፣ ለአጎቷ ልጅ፣ ለራስሽም ጭምር ማዛወር ይቻላል። ስኮላርሽፕ ካገኘች በዚያው ልክ ያለ ቅጣት ታወጪዋለሽ፤ በትርፉ ላይ ታክስ ብቻ ትከፍያለሽ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ 15 ዓመት የሞላው የ529 አካውንት ካላት እስከ 35 ሺህ ዶላር ድረስ፣ በየዓመቱ በተወሰነው ልክ፣ ወደ ራሷ የጡረታ አካውንት ማሸጋገር ተፈቅዷል። ያለ ምክንያት ለሌላ ነገር ካወጣሽው ግን በትርፉ ላይ ታክስና 10 ፐርሰንት ቅጣት ይመጣል፤ ያስገባሽው ዋናው ገንዘብ አይነካም።

ሌላ ስቴት ያላችሁ እህቶቼ ደግሞ የኛን ውል የእናንተ አድርጋችሁ አትውሰዱ። ቨርጂኒያ ውስጥ አዲሱ ፕላን የሚለካው በውዱ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አማካይ ክፍያ ነው። አላባማ ከ2008ቱ የገበያ ውድቀት በኋላ ለቤተሰቦቹ የገባውን ሙሉ ቃል መፈጸም ስላልቻለ፣ በስምምነት በ2010 የነበረውን ክፍያ ብቻ ለመክፈል ወሰነ። ስለዚህ ውሉ ላይ «ስቴቱ ዋስ ነው» የሚለው መኖሩን በዓይናችሁ አንብቡ፤ አልገባ ካላችሁ እንግሊዝኛውን የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ የኔ ቆንጆ። ለክርስትናዋና ለአንደኛ ዓመት ልደቷ አዳራሽ ተከራይተሽ፣ ያ ሁሉ ሰው ልብስና አሻንጉሊት ይዞ መጥቶ ቤትሽን ከሚሞላው፣ የሚወዱሽን «ዩኒት ግዙላት» በያቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አታፍሪ፤ እንዲህ ያለ ስጦታ ለሚሰጠውም ክብር ነው።

አሁን እስክሪብቶውን አንሺና ሦስት ቁጥሮች ጻፊ፦ ዛሬ ዩኒቱ የሚሸጥበት፣ ዛሬ የሚከፍለው፣ አንቺም ሳትቸገሪ በየወሩ የምትችይው። ሦስቱ ከተስማሙልሽ የዘንድሮው ምዝገባ ሳይዘጋ፣ በወር በአንድ ዩኒትም ቢሆን፣ ፈርሚ። ካልተስማሙልሽም ያንኑ ገንዘብ በተለመደው የ529 አካውንት ዛሬውኑ ጀምሪላት፤ ልጅቷ እንደሆነች ዩኒት እስኪረክስ ቆማ አትጠብቅሽም።