ሕግ መማራችን የቆጨን ጊዜ



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ባቲ በመጣን ጊዜ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ውጤት የሚጠባበቁ ታናናሾቻችን ከመዝሙር ጥናት በኋላ ከበውን፣ «ሕግ ጥሩ ነው ወይ? ብንሞላው ያዋጣናል ወይ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። በዚያን ሰዓት ሕግ የምንማረው ሦስት ልጆች እርስ በርሳችን ተያየን። አንደኛችን «ጥሩ ነው» አለ፤ ሁለተኛው ሳቀ፤ ሦስተኛው ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር የሦስታችንንም ልብ የተናገረው ዝም ያለው ነበር። ልጆቹን ያለ መልስ መሸኘታችን ስለ ከነከነን፣ የጽሑፍ ክፍሉ ለዚህ እትም አንድ ነገር አዘጋጁ ሲለን፣ ያን ዕለት ያልሰጠነውን መልስ እንጽፈው ዘንድ ተስማማን።

በመጀመሪያ እንዴት እንደ መረጥን እንናገር። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጦርነቱ ወደ ወሎ የመጣበት ዘመን እንደ ነበረ ሁላችሁም የምታስታውሱት ነው። ትምህርት ተቋርጦ፣ ከዚያ ተቻኩሎ ተጠናቆ፣ ፈተናው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ ሲነገር በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ሆኑ። እኛ ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ስለ ተገኘን በቤታችን ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ እናቶቻችን እልል አሉ። እንግዲህ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ጨርሰን የትምህርት ክፍል መምረጫው ቅጽ ሲመጣ፣ ያን እልልታ የሚመጥን ስም ያለው ነገር መሙላት ነበረብን። አንዳችን ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ የሰላ ስለሆነ «ይህስ ጠበቃ ነው» ሲባል ያደገ ነው። ሌላው በፊልም ያየው ጠበቃ ልቡን ሰርቆታል። ሦስተኛችን ሁለቱ ስለ ሞሉ ሞላ። ከሦስታችን አንድም ሰው የሕግ መጽሐፍ ገልጦ አላየም፤ አንድም ቀን ችሎት ገብቶ አልተቀመጠም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የአምስት ዓመት ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተወሰነ።

ቁጭቱ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። እኛ ሕግ ማለት እንደ ጥንቱ በላ ልበልሃ ቆሞ መሟገት መስሎን ነበር። ያገኘነው ግን ተቀምጦ ማንበብ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻውን 3,367 ቁጥሮች አሉት፤ ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። በፈረንሳይኛ ታስቦ፣ በአማርኛ ታውጆ፣ በእንግሊዝኛ የሚጠና ሕግ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለ ለሚናገር የባቲ ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። በዚህ ላይ «የተመረቁትም ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል» የሚለው ወሬ በየመኝታ ክፍሉ ይዞራል። ለሕግ ተማሪዎች ቀድሞም የነበረው የመውጫ ፈተና ከሩቅ ይታያል።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው በቀላሉ የሚገባው ነው። «ነገ ወንጀለኛ ልንከላከል ነው ወይ? ውሸት መማር አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሌሊት ሌሊት ያስቸግረን ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነም መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይደነግጋል። የጠበቃው ሥራ ውሸት መፈልሰፍ ሳይሆን ከሳሹ ያለውን ሁሉ እንዲያስረዳ ማስገደድ ነው። ይህን ስናነብ ጥያቄው ጨርሶ ባይጠፋም እንቅልፍ የሚነሳ መሆኑ ቀረ።

ያም ሆኖ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ ወስደን አንድ ሳምንት ሙሉ በትራስ ሥር አስቀመጥነው። ለቤተሰብ አልነገርንም። የአንዳችን አባት ለመንገድና ለልብስ ብለው በግ ሸጠው ስለ ነበር ምን ተብሎ እንደሚነገር ጠፋን። በመጨረሻ አንድ የአምስተኛ ዓመት ተማሪ አማከርን። ወንድማችን እንግሊዝኛው መክበዱን፣ መጽሐፉ መወፈሩን፣ ሥራ መጥፋቱን አንድ በአንድ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ከምን እንደምትሸሹ ነገራችሁኝ፤ ወዴት እንደምትሄዱ ግን አልነገራችሁኝም» አለን። መልስ አልነበረንም።

ሰው የጀመረውን ትምህርት ቢተው ኃጢአት ነው እያልን አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ሥዕልን መርጦ ተመለሰ፤ አገሪቱም አንድ መሐንዲስ ብታጣ ምን እንዳገኘች የታወቀ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1959 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከሚገኘው የብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ዲግሪ ካገኘ በኋላ ወደ ቴአትር ነው ያመራው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የሚሄዱበትን ያውቁ ነበር። እኛ የምናውቀው መውጫውን በር ብቻ ነው። ስለሆነም ቅጹን ሳንሞላው መለስነው። ወደድነው ማለት አይደለም፤ እንዲያው ለጊዜው ቆየን።

በቆየንበት ወራት በቤተ መጻሕፍት የማኅተመ ጋንዲን ታሪክ አነበብን። እኒህ ሰው በ1891 እ.ኤ.አ. በለንደን የጠበቃነት ማዕርግ አግኝተው ወደ ሕንድ ከተመለሱ በኋላ፣ በቦምቤይ በመጀመሪያው ጉዳያቸው ምስክር ሊጠይቁ ቆመው ቃል ከአፋቸው አልወጣ ብሎ ተቀመጡ፤ የተቀበሉትንም 30 ሩፒ መለሱ። ይህን ስናነብ እንደ ዘመድ አየናቸው። ከዚያ በ1893 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። በዚያም ሁለት ዘመዳሞች የሆኑ ነጋዴዎች በብዙ ገንዘብ ሲካሰሱ አገኟቸው። ጋንዲ መዝገቡን ጠንቅቀው ካጠኑ በኋላ ሁለቱን ለምነው ወደ ሽምግልና ዳኝነት አመጧቸው። ደንበኛቸው ሲረታም ተረቺው በአንድ ጊዜ ክፈል ቢባል እንደሚጠፋ አይተው፣ በረጅም ጊዜ ከፍሎ እንዲጨርስ አስማሙ። የሕግ ሥራ ምን እንደሆነ የገባቸው ያን ጊዜ መሆኑን በግል ታሪካቸው ጽፈዋል። ልብ በሉ፤ አፋቸው ተፈትቶ ተሟግተው ስላሸነፉ አይደለም።

ይህ ሁሉ ንባብ ነው። ወደ ሥራ የገባው በባቲ ነው።

የባቲን ሰኞ ገበያ ለእናንተ መግለጽ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ደጋና ቆላ የሚገናኝበት፣ ግመልና ፍየል፣ እህልና ጨው፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና አፋርኛ አብሮ የሚገበያይበት ነው። በዚያ ገበያ ቃል ከወረቀት በላይ ይሠራል። ታዲያ በዚያው ክረምት በሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት (እትዬ እያልን ነው ያደግነው) ለአንድ ፍየል ነጋዴ 18,000 ብር አበድረው ኖሮ፣ ሰውየው ዛሬ ነገ እያለ ስምንት ወር አለፈው። እትዬ ወደ ቤታችን መጥተው፣ «በሉ እንግዲህ፣ ሕግ ተማሪዎች ተብላችኋል፤ ሕጉ ምን ይላል?» አሉን።

ወረቀት አላቸው ወይ ብለን ጠየቅን። የላቸውም። ምስክር አላቸው ወይ? «ሰኞ ገበያ ሙሉ አይቷል!» አሉ። እኛ መጽሐፉን ገለጥን። ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። እንግዲህ ገበያው ሙሉ ቢመሰክር ሰውየው «አልተበደርኩም» ካለ ዋጋ የለውም ማለት ነው። (500 ብር በ1952 ዓ.ም. ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንዲት ፍየል አይገዛም። ቁጥሩ ግን እንዳለ ተቀምጧል።) ይህን ለእትዬ መንገር እንዴት እንዳሳፈረን አንረሳውም። «ይህን ለመማር ነው አምስት ዓመት?» አሉን። ቁጭታችን ሁሉ እንደገና መጣብን።

ማታ ግን ነገሩን ከሥሩ ለማየት መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጥን። በመጨረሻው ክፍል፣ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በሩጫ የሚታለፍ ቁጥር 3307 የሚባል አለ፤ ሁለት ተከራካሪዎች አንዱ ለአንዱ ጥቂት ጥቂት እየተዉ ክርክራቸውን በውል እንዲጨርሱ የሚፈቅድ ነው። በወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ አባቶች ደም ሲያደርቁ ሰምተን እናውቃለን፤ የሰፈር ሽማግሌ ደግሞ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ሁለቱ ነገሮች፣ የመጽሐፉ ቁጥርና የሰፈሩ ዛፍ ጥላ፣ አንድ መሆናቸውን ግን ያን ማታ ነው ያየነው። ሕጉ እትዬን አልጣላቸውም። የጎደላቸው ወረቀት ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ ዛሬም ሊጻፍ ይችላል።

በማግሥቱ ሁለት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄድን፤ አንዱ ከደብራችን፣ አንዱ ከመስጊድ ወገን ነበሩ። ነጋዴው ተጠርቶ መጣ። ከመካከላችን ኦሮምኛ የሚቀለው በኦሮምኛ፣ ሌሎቻችን በአማርኛ ለሁለቱም ወገን ነገሩን አስረዳን። ያን ቀን የጠቀመን የሰኞ ገበያ ቋንቋችን ነው፤ የሁለት ዓመት እንግሊዝኛችን አንድም ጊዜ አልተጠራም። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ፍየሎቹ በበሽታ አልቀውበት ከእትዬ ፊት ማፈሩ ነበር የሚያሸሸው። ብድሩን አመነ። በአንድ ጊዜ ክፈል ቢባል እንደማይችል ስላየን፣ ጋንዲን አስታውሰን በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰኞ 3,000 ብር እየከፈለ በስድስት ጊዜ እንዲጨርስ አሳብ አቀረብን፤ ሽማግሌዎቹ ተቀበሉት፤ እትዬም አጉረምርመው ተስማሙ። ውሉን በግልጽ አማርኛ ጻፍነው። ቁጥር 1727 በሚለው መሠረት ሁለቱም ወገኖች ፈረሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ፈረሙ። እኛ ጠበቆች ስላልሆንን አንድ ሳንቲም አልተቀበልንም፤ ቡና ግን ጠጥተናል።

ከዚያ በኋላ ሕግ ጣፋጭ ሆነልን ብንል እንዋሻለን። አጠናናችን ግን ተለወጠ። አሁን ማንኛውንም ቁጥር በእንግሊዝኛ ካነበብን በኋላ የአማርኛውን ቅጂ ጎን ለጎን እናነባለን፤ ከዚያም «ይህ ለእትዬ እንዴት ይነገራል?» ብለን እርስ በርሳችን እንጠያየቃለን። መናገር ካልቻልን አልገባንም ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲው ነጻ የሕግ ምክር ክፍል ዓርብ ዓርብ መዝገብ በመያዝ እናገለግላለን። ሳይማሩት መምረጥ ስሕተት መሆኑን ስላየን፣ ወደ ባቲ ስንመጣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ችሎት ገብተን ዝም ብለን እንቀመጣለን። በዚያ የሚያስተረጉም ሰው ጠፍቶ ዓይኑ ከዳኛ ወደ ጸሐፊ የሚንከራተት ባለጉዳይ ስናይ፣ ሁለት ቋንቋ አውቆ ሕግ የተማረ ሰው በዚህ ዞን ሥራ አያጣም ብለን እናስባለን። ከሦስታችን አንዱ ግን አሁንም መምህር መሆን ይፈልጋል፤ ከምረቃ በኋላ ሊሞክረው ቆርጧል። ይህ ጓደኛችን ዛሬ የሚሄድበትን ስለሚያውቅ አንከለክለውም።

እንግዲህ ለታናናሾቻችን የምንመልሰው ይህን ነው፦ ቅጹ ሳይመጣ ሰኞ ሳይሆን ማክሰኞ፣ ገበያ በሌለበት ቀን፣ ችሎት ገብታችሁ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ከእኛ ዘንድ የፍትሐ ብሔሩን መጽሐፍ ተውሳችሁ ሃያ ገጽ አንብቡ። ካስጠላችሁ ሌላ ሙሉ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ሞልታችሁ ገብታችሁ ከቆጫችሁ ደግሞ ለቤተሰብ ደብቃችሁ አንድ ሳምንት በትራስ ሥር ቅጽ አታሳድሩ፤ እኛ ዘንድ ኑ።

የእትዬን ነገር ለምትጠይቁን፣ ነጋዴው አምስቱን ጊዜ በቀኑ ከፍሏል። የመጨረሻው 3,000 ብር እስከ አሁን አልተከፈለም። እትዬ ወረቀቱን ከመሶባቸው ሥር አስቀምጠው፣ በየሰኞው እያወጡ ያሳዩታል ተብለናል።