የተልባ አበባ በጓሮአችን

በየካ ወይም በእንጦጦ ግርጌ ጥቂት ጓሮ ያለው ሰው ሰማያዊ አበባ ቢያምረው ዘሩን ከሩቅ አገር ማስመጣት አያስፈልገውም። ሾላ ገበያ ወርዶ ጥቂት ተልባ ቢገዛ ይበቃዋል። እኛ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እያልን ያደግን ስለ ሆንን፣ ተልባን የምናውቀው በሙቀጫና በፍትፍት ነው እንጂ አበባውን ልብ ብለን አናየውም።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሥሩ እየቆየ ለጥቂት ዓመታት ደጋግሞ የሚያብብ የዱር ተልባ አለ። የእኛው ግን በአንድ ክረምት በቅሎ፣ አብቦና አፍርቶ ይደርቃል። የሁለቱም አበባ ይመሳሰላል፤ አምስት ስስ ቅጠል ያላት አበባ ጠዋት ትፈካለች፣ ቀትር ላይ ትረግፋለች፣ በማግሥቱ ሌላዋ ትተካለች። የውጭ አገሩን ዘር ያለ ዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ማስገባት ስለማይፈቀድ፣ ትምህርታችን ስለ አገራችን ተልባ ይሆናል።

ይህም የሚናቅ ዘር አይደለም። ሩሲያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ ዘር ከሰበሰበ በኋላ፣ ኢትዮጵያን የብዙ ዓይነት ሰብሎች መገኛ አድርጎ ቆጥሯታል፤ ተልባም ከነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአገሪቱ የዘር ባንክም የሚገኘው በዚሁ በየካ ሲሆን፣ ከየአውራጃው የተሰበሰበ ተልባ በውስጡ ተጠብቆ ይኖራል።

ከፈረንሣይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት የሚኖሩ አንዲት እናት ስለ አበባው ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ አበባ ይበላል ወይ?» አሉኝ። «ይህኛውስ ይበላል እማማ» አልኋቸው። ለዘር ያስቀመጡትን ሁለት እፍኝ ተልባ አመጡ። እኔም እንደ ባቄላ በጥልቅ አስቀበርኋቸው። ዝናብ መታው፣ ፀሐይ ወጣ፣ የአፈሩ ላይ እንደ ቂጣ ደረቀ፤ ከሁለቱ እፍኝ የወጣው በጣት የሚቆጠር ነበር። ዘሩን ያባከንሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከዚያ የተማርሁት ይህ ነው። ከገበያ የተገዛ ተልባ አንዳንድ ጊዜ የተቆላ ወይም የከረመ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አኑሮ አንድ ሳምንት መጠበቅ ነው። አሥራ ስድስት ያህሉ ከበቀለ መልካም ዘር ነው። ዘሩን በውኃ መዘፍዘፍ አይገባም፤ ይልጎመጎምና ይጣበቃል። አፈሩ በደንብ ይለስልስ፤ ዘሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሸፈን። ለ1 ካሬ ሜትር 3 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል፤ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቢደባለቅ በእኩል ይበተናል። በመስመር ቢዘራ ግን አረሙን ከቡቃያው ለመለየት ይቀላል። ተልባ በመጀመሪያው ወር በአረም ቶሎ ይሸነፋልና እጅን አለመሰብሰብ ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ወይም ውኃ ከሚተኛበት ቦታ አትዝሩት። ቡቃያውን ነቅሎ ማዛወርም አይሆንም፤ ሥሩ ይጎዳል። በአንድ ቦታ ላይ በየዓመቱ ከተዘራም የሚያጠወልገው በሽታ በአፈሩ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሌላ ነገር ይዘራበት።

ጊዜው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን ግን አትዝሩ። በዘፀአት ምዕራፍ 9 በግብፅ በረዶ በወረደ ጊዜ ገብሱና ተልባው ተመታ፤ ስንዴው ግን ገና ዘግይቶ ስለ ነበር ተረፈ። የእንጦጦን በረዶ የሚያውቅ ሰው ይህን አንብቦ አይደነቅም። ስለዚህ ግማሹን በሰኔ፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝራት ይሻላል። መጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የሚለውም ልብስ ከዚህ ተክል አገዳ የተፈተለ ነው፤ እኛ ግን ለልብስ ጥጥ ስለነበረን ተልባን ለፍሬው ብቻ ዘራነው።

የሚሰበሰበው ፍሬው ቡናማ ሆኖ ሲነቀነቅ ሲንሿሿ ነው፤ በአንዱ ፍሬ ውስጥ ቢበዛ 10 ዘር አለ። ከ4 ካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ እንኳ ብዙ ጊዜ አይሞላም፤ ቤተ ሰብን ይቀልባል ብሎ ማንም አይታለል። ለመብላት ሲሆን እንደ ልማዳችን ይቆላ፤ ጥሬውን በብዛት መብላት አይበጅም።

ለእማማ ሌላ ዘር ገዝቼ መልሼላቸው ነበር። ሐምሌ ስለ ገባ ዘግይቶ አበበ፤ በመስከረም መጨረሻ ከአደይ አበባው አጠገብ ሰማያዊው ይታይ ነበር። ካጨዱ በኋላ ጥቂቱን ቆልተው አቀመሱኝ፤ የቀረውን በጨርቅ ቋጥረው ከማገሩ ላይ ሰቀሉት። ዘንድሮ ስንት ጣት እንደሚሸፍኑት ጠይቄአቸው፣ ጥፍራቸውን አሳዩኝ።