ለአንድ ነርስ ስንት ሕሙማን? በወረርሽኝ ወቅት ለረጅም ጊዜ የሚታመሙ ሰዎች እንክብካቤ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለመላው ኅብረተሰብ፣ በተለይም ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው በቤቱ ወይም በሆስፒታል ላለው ቤተሰብ ነው። ዓላማውም በወረርሽኝ ወቅት በአንዲት ነርስ ላይ የሚከመረው ሥራ በሕመምተኛው ላይ ምን አደጋ እንደሚያስከትል ማስረዳት፣ አደጋውንም ለመቀነስ ነርሷ፣ የጤና ተቋሙ ኃላፊና ቤተሰቡ እያንዳንዳቸው ሊፈጽሙት የሚገባውን ማመልከት ነው።

ለረጅም ጊዜ የታመመን ሰው የሚንከባከበው ማን ነው?

በብዙ የበለጸጉ አገሮች አቅመ ደካማ አረጋውያንና ሥር በሰደደ ሕመም የተያዙ ሰዎች የሚኖሩባቸው፣ ነርሶች የተመደቡላቸው የእንክብካቤ ቤቶች አሉ። በኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ተቋማት ጥቂት ናቸው። በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሉ ድርጅቶች ጧሪ የሌላቸውን ይረዳሉ። አብዛኛው አረጋዊ፣ በስትሮክ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ወይም ከአልጋ መነሣት የተሳነው ሰው ግን የሚጦረው በልጆቹና በዘመዶቹ ቤት ነው።

ሕመሙ ሲጠናበት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ከእርሱም ጋር አስታማሚ ይገባል። አስታማሚው ያጎርሳል፣ ሰውነት ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ የታዘዘውን መድኃኒት ገዝቶ ያመጣል፣ ሌሊት ሕመምተኛው ሲያቃስት ነርሷን ይጠራል። ይህ ሥራ በመዝገብ አይሰፍርም፤ ደመወዝም አይከፈልበትም። የሆስፒታሉ የእንክብካቤ ሥራ ግን ከፊሉ የተሸከመው በአስታማሚው ትከሻ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ የሚደርሰውን ችግር ለመረዳት ይህን አስቀድሞ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ወረርሽኝ ሲመጣ ምን ይለወጣል?

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19 በሽታን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ተገለጸ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ደጀን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ የመጣ መንገደኛ ዳገቱን ጨርሶ ደጋውን ሲረግጥ የሚያገኛት ከተማ ናት። የጭነት መኪናና የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ያልፍባታል። እንዲህ ባለች የመንገድ ከተማ የሚገኝ የጤና ተቋም ወረርሽኝ በሚከሠትበት ጊዜ ሦስት ለውጦች በአንድ ጊዜ ሊደርሱበት ይችላሉ።

አንደኛ፣ የሕሙማን ቁጥር ይጨምራል። ሁለተኛ፣ በሽታው ካለበት ሰው ጋር ንክኪ የነበራቸው ባለሙያዎች ከሥራ ገበታቸው ስለሚለዩ የነርሶች ቁጥር ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ በሽታው እንዳይዛመት ሲባል የጠያቂና የአስታማሚ መግባት ይገደባል። ሦስተኛው ለውጥ ተገቢ ጥንቃቄ ቢሆንም፣ አስታማሚው ይሠራው የነበረው ሥራ አብሮት ከበር አይቀርም። ሕመምተኛው አሁንም መጉረስ፣ መታጠብና መገላበጥ አለበት፤ ሸክሙም በተራዋ ላይ ባለችው ነርስ ላይ ያርፋል።

የአንዲት ሌሊት ስሌት

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት በቅርቡ የተመረቀች ነርስ ለምሳሌ ትወሰድ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ተራ 24 ተኝተው የሚታከሙ ሕሙማን ለብቻዋ ተሰጥተዋታል። ከእነርሱም 8ቱ ራሳቸውን ማገላበጥ አይችሉም። አስታማሚ እንዳይገባ ተከልክሏል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ደቂቃዎች ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው።

• ማገላበጥ፦ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ 8ቱ ሕሙማን በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣሉ። ለአንዱ 5 ደቂቃ ቢወስድ፣ በሌሊቱ 6 ጊዜ ሲደረግ 4 ሰዓት ይሆናል።
• መድኃኒት መስጠት፦ ለ24 ሕሙማን፣ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ፣ በሌሊቱ 2 ጊዜ ሲሰጥ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል።
• ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና አተነፋፈስ መለካት፦ ለ24 ሕሙማን፣ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ፣ በሌሊቱ 3 ጊዜ ሲደረግ 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል።
• እጅ ማጽዳት፦ ከላይ የተዘረዘረው ሥራ ነርሷን 168 ጊዜ ወደ ሕሙማን አልጋ ያቀርባታል። በእያንዳንዱ ጊዜ እጇን አንድ ጊዜ ብቻ በአልኮል ለ30 ሰከንድ ብታሽ 1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል።

ድምሩ 12 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ተራዋ ግን 12 ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ምግብ ማጉረስ፣ ልብስ መቀየር፣ በሕመምተኛው ካርድ ላይ መጻፍ፣ አዲስ ሕመምተኛ መቀበል የለም። ነርሷ ውኃ የምትጠጣበት ደቂቃም የለም። አንድ ሕመምተኛ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥረው እርሱን ለመርዳት የምታውለው ጊዜ ከሌላው የሚቀነስ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ነገር መቅረቱ አይቀርም። መጀመሪያ የሚቀረውም ማንም ሳያየው የሚቀረው ነው፤ ይኸውም እጅን ማጽዳት ነው። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው በችኮላ የተሸጋገረ እጅ በሽታውን ይዞ ይሸጋገራል። ስለዚህ የሥራ ብዛት የነርሷን ድካም ከማብዛት አልፎ ለወረርሽኙ መተላለፊያ ይሆናል።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ግዛት በ168 ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ተጨማሪ ሕመምተኛ በተመደበ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ እንደሚጨምር አመልክቷል። በካሊፎርኒያ ግዛትም ለአንድ ነርስ የሚመደቡ ሕሙማንን ቁጥር የሚወስን ሕግ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት ከሲያትል ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኪርክላንድ፣ በአንድ የአረጋውያን እንክብካቤ ቤት ኮቪድ-19 ገብቶ ብዙዎችን ገደለ። በሽታው ወደ ሌሎች ተመሳሳይ ቤቶች እንዲዛመት አስተዋጽኦ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል ሠራተኞች የሕመም ምልክት እያላቸው መሥራታቸውና በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ በሆኑ ተቋማት ማገልገላቸው እንደሚገኙበት ምርመራው አሳይቷል።

የነርስ እጥረት የአንድ ከተማ ወይም የአንድ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 27.9 ሚሊዮን ያህል ነርሶች እንዳሉ፣ 5.9 ሚሊዮን ያህል እንደሚጎድሉ፣ ጉድለቱም በአብዛኛው ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚታይ ገልጿል። እጥረቱ በአንድ ሌሊት አይወገድም። በእጅ ያለውን የሰው ኃይል በአግባቡ ማደራጀት ግን ዛሬ የሚቻል ነው።

አዲስ የተመደበች ነርስ ምን ታድርግ?

አዲስ ነርስ ለሁለት ምክንያቶች ይበልጥ ትቸገራለች። የሕመምተኛ ሁኔታ መባባሱን ከሩቅ የሚለይ ዓይን የሚገኘው በልምድ ነው። ደግሞም ከሥራ አልቻለችም እንዳይባል ስለምታፍር ችግሯን ትደብቃለች። መደበቁ ግን ሕመምተኛውን ይጎዳል። ስለዚህ፦

1. በርክክብ ጊዜ ሕሙማኑን በየአልጋቸው ተዘዋውራ ትረከብ፤ የባሰባቸውን ትለይ።
2. ሥራውን በቅደም ተከተል ትመድብ። የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ የደም መፍሰስና የስኳር መውረድ ጊዜ አይሰጡም። ኢንሱሊን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትና ሌሎች ሰዓታቸው የተወሰነ መድኃኒቶች ይከተላሉ። ክፍል ማስተካከልና መዝገብ ማስዋብ ሊቆዩ ይችላሉ።
3. ሥራው ከአቅም በላይ መሆኑን ተራው ሲጀመር፣ በቁጥርና በግልጽ ቃል ለክፍሉ ኃላፊ ታሳውቅ። ለምሳሌ፦ «ሲስተር፣ ዛሬ ሌሊት 24 ሕሙማን አሉብኝ፤ 8ቱ የሚገላበጡ፣ 3ቱ ኦክስጅን ላይ ያሉ ናቸው። ለብቻዬ በደኅና ልጠብቃቸው አልችልም። አንድ ረዳት ይመደብልኝ፤ ካልተቻለ ለሚገላበጡት አስታማሚ ይፈቀድላቸው» ማለት ይቻላል። ያሳወቀችውንም በርክክብ መዝገብ ላይ ትጻፍ።
4. መድኃኒት የተዘለለበት ወይም የተሳሳተበት ሕመምተኛ ካለ ወዲያውኑ ትናገር። በጊዜው የተነገረ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይታረማል።
5. ትኩሳት ወይም ሳል ከተሰማት ወደ ሥራ አትግባ፤ በስልክ ታሳውቅ።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

አዲስ ነርስን በሌሊት ለብቻዋ አለመመደብ፤ ልምድ ካላት ነርስ ጋር ማጣመር ይገባል። ምደባ ሲደረግ የአልጋ ቁጥር ብቻ ሳይታይ የሕሙማኑ የክብደት ደረጃም መታየት አለበት። በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ 10 ሕሙማን ከአልጋ ከማይነሡ 10 ሕሙማን ጋር እኩል ሥራ አይጠይቁም። ኃላፊው እጥረቱን የነገረችውን ነርስ ሊያመሰግን እንጂ ሊቆጣ አይገባም፤ የተቆጣ እንደሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነግረው አያገኝም። መፍትሔው ከእጁ በላይ ሲሆንም ለበላይ አካል በጽሑፍ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው

አስታማሚን ፈጽሞ መከልከልም ሆነ እንደ ልብ ማስገባት፣ ሁለቱም ጉዳት አላቸው። የተሻለው መንገድ ለማይንቀሳቀስ ሕመምተኛ አንድ ቋሚ አስታማሚ መፍቀድ ነው። ከላይ በታየው ስሌት የ8ቱ ሕሙማን አስታማሚዎች ማገላበጡን ቢረከቡ፣ ነርሷ 4 ሰዓቱንና ለእጅ ማጽጃ የሚውለውን 24 ደቂቃ ታገኛለች። ይህ ጊዜ ትንፋሽ ያጠረውን ለማየት ይበቃል። ለዚህም የሚከተሉት ይጠበቁ።

• አስታማሚው ሙሉ ጤነኛ፣ በዕድሜ ያልገፋና በየቀኑ የማይቀያየር ሰው ይሁን።
• የፊት መሸፈኛ ጭምብል ያድርግ፤ ሕመምተኛውን ከመንካቱ በፊትና ከነካው በኋላ እጁን በሳሙናና በውኃ ይታጠብ።
• ወደ ሌላ ሕመምተኛ አልጋ አይሂድ፤ ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር በአንድ ትሪ አይመገብ። መጎራረስ የፍቅር ምልክት ቢሆንም ለጊዜው ይቆይ።
• እንዴት እንደሚያገላብጥ ነርሷን ይጠይቅ፤ በጀርባ፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ የቀላ ቆዳ ካየ ይንገር።
• ሲያጎርስ ሕመምተኛውን ቀና አድርጎ ያስቀምጥ፤ ትን እንዳይለው በትንሽ በትንሹ ይስጥ።
• ኢንሱሊን የሚወጋ ሕመምተኛ ምግብ ካልበላ ወይም ልጹም ካለ፣ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ለነርሷ ይንገር። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ የገባው በዐቢይ ጾም እንደ ነበር ሲታሰብ ይህ ጥንቃቄ ቀላል አይደለም።
• መድኃኒት በደም ሥር መስጠት፣ የኦክስጅን መጠን መጨመር ወይም መቀነስ የነርስ ሥራ ነው፤ አስታማሚ አይንካው።

የደጀን ደጋ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ስለዚህ መስኮት ሁሉ መዝጋት ይለመዳል። ይሁን እንጂ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል የመተንፈሻ አካል በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል። ሕመምተኛውን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ሸፍኖ መስኮቱን በየጊዜው መክፈት ይሻላል።

በቤት ውስጥ ያለች አስታማሚ

ከሆስፒታል ወደ ቤቱ የተመለሰ ሕመምተኛም ነርስ ያስፈልገዋል፤ ነርሷም ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። እርሷም እንጀራ ትጋግራለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ልጆች ታሳድጋለች፤ ሌሊት ደግሞ አባቷን ታገላብጣለች። በሆስፒታል ያለው ስሌት በቤትም ይሠራል። ወንድሞችና ጎረቤቶች ሌላውን የቤት ሥራ ይካፈሏት፤ ወደ ሕመምተኛው የሚገቡት ግን አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ። የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም የመንፈስ መዛባት ሲታይ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፣ ለምክርም የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አንዲት ነርስ ከአቅሟ በላይ የሆኑ ሕሙማንን ስትሸከም፣ ጉዳቱ በመጨረሻ የሚያርፈው አልጋ ላይ በተኛው ሰው ነው። ነርሷ በጊዜ ስትናገር፣ ኃላፊው ሲሰማ፣ ቤተሰቡም ድርሻውን በጥንቃቄ ሲወጣ፣ ሸክሙ ይቀላል፤ ሕመምተኛውም ይጠበቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤተሰብዎ ወይም በአካባቢዎ ከአልጋ የማይነሣ ሰው ቢኖርና ወደ ሆስፒታል ቢገባ፣ ቋሚ አስታማሚ የሚሆነው ማን ነው? ለምን?
2. ከአስታማሚው ሥራ ውስጥ ለነርስ ብቻ የሚተወው የትኛው ነው?
3. በቤት ውስጥ ሕመምተኛ የምትጠብቅ አንዲት እናት ወይም እኅት እንድታርፍ ዕድርተኞችና ጎረቤቶች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?