ሲራመዱ የሚያም፣ ሲያርፉ የሚተው እግር

አረጋውያንን በየቤታቸው ስንጠይቅ ደጋግመን የምንሰማው አንድ አቤቱታ አለ፤ «ትንሽ ስሄድ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ቆም ስል ይተወኛል። መቼም ብርድ ይሆናል።» ቤተሰቡም «እርጅና ነው፤ አርፈው ይቀመጡ» ይላል። ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህ ሕመም ብርድም እርጅናም ላይሆን ይችላልና ዛሬ ስለ እርሱ አብረን እንማር።

ከልብ ወደ እግር ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳ የሚባሉት ቧንቧዎች ናቸው። በግድግዳቸው ላይ ስብ ቀስ በቀስ ሲጋገር መንገዱ ይጠብባል። ተቀምጠን ሳለን የሚያልፈው ደም ይበቃል፤ ስንራመድ ግን ጡንቻው ብዙ ደም ይፈልጋልና ሲጎድልበት ያመዋል። ለዚህ በሽታ በብዛት የሚያጋልጡት ትምባሆ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መብዛት ናቸው።

ነገሩ የእግር ብቻ አይደለም። የእግሩ ቧንቧ የጠበበበት ሰው የልቡና የአንጎሉ ቧንቧም ጠቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ ያሰጉታል።

ምርመራው ቀላል ነው። የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ለክንድ የደም ግፊት ሲካፈል 0.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቧንቧው መጥበቡን ያመለክታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ፦ የሚያጨስ ሰው ፈጽሞ ይተው።

2ኛ፦ ሐኪም ከፈቀደ በኋላ መራመድ እንጂ መቀመጥ አይጠቅምም። ሕመሙ ጠንከር እስኪል መሄድ፣ ቆሞ ማረፍ፣ ሲተው እንደገና መጀመር ነው። ይህን በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት ያዘወተረ ሰው ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም የሚሄደው መንገድ ይረዝምለታል።

3ኛ፦ ለስኳር፣ ለግፊትና ለኮሌስትሮል የታዘዘ መድኃኒት አይቋረጥ። አስፕሪንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመር።

4ኛ፦ እግር በየቀኑ ይታይ፤ ባዶ እግር መሄድም ይቅር። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል፣ በሙቅ ውሃ ሲዘፈዝፈው ወይም ወደ ከሰል ምድጃ ሲያስጠጋው ሳይታወቀው ይቃጠላል። ደም የማይደርሰው ቁስል ደግሞ በቀላሉ አይድንም።

ተኝተው ሳለ እግርን የሚያም ከሆነ፣ ቁስል አልድን ካለ ወይም ጣት ከጠቆረ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ድንገት የቀዘቀዘ፣ የገረጣና የደነዘዘ እግር ግን አንድ ቀን እንኳ አይጠብቅም፤ እግሩ የሚተርፈው በሰዓታት ውስጥ ሕክምና ሲያገኝ ነው።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ በአካባቢያችሁ ያሉትን እማማንና አባባን ስትጠይቁ «ደህና ነዎት?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «እስቲ ካልሲዎን ያውልቁና እግርዎን ልይ» በሉ፤ ከዚያም ከደጃፍ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ እያረፋችሁ፣ አብራችሁ ተራመዱ። ብዙ የተቆረጠ እግር ጉዳቱ የጀመረው ማንም ልብ ካላላት ትንሽ ቁስል ነውና።